የልብ ደም ቅዳ ቧንቧ መለጠጥና በቀዶ ሕክምና የሚጠገንበት መንገድ

ልብ ለመላው ሰውነት ደም የሚረጭ ጡንቻ ነው። ይሁንና በክፍሎቹ ውስጥ ከሚያልፈው ደም ራሱ በቀጥታ አይመገብም። ምግቡንና ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከታላቁ ደም ቅዳ ቧንቧ፣ ከአኦርታ፣ ሥር ከሚነሡ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። እነዚህ በሕክምና ቋንቋ ኮሮናሪ ይባላሉ። የግራው ብዙም ሳይርቅ ለሁለት ይከፈልና አንደኛው ቅርንጫፍ በልብ ፊት ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ ጀርባ ይዞራል። የቀኙ ደግሞ የልብን ቀኝ ክፍልና አብዛኛውን ጊዜ የታችኛውን ግድግዳ ይመግባል። በአዋቂ ሰው የእነዚህ ቧንቧዎች ስፋት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የስንዴ ፍሬ ወርድ ብዙም አይበልጥም። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታው ልብ ሥራውን የሚሠራው በእነርሱ በኩል በሚደርሰው ደም ነው።

ስለ ልብ ሕመም ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የእነዚህ ቧንቧዎች መጥበብና መዘጋት ነው። ተቃራኒው ችግር፣ ማለትም ቧንቧው ከልክ በላይ መለጠጡ፣ እምብዛም አይወራለትም። ከቧንቧው አንዱ ክፍል በአጠገቡ ካለው ጤነኛ ክፍል አንድ ተኩል ጊዜና ከዚያ በላይ ሰፍቶ ሲገኝ ሐኪሞች አኒዩሪዝም ይሉታል። በአማርኛ «የደም ሥር እብጠት» እየተባለ ይጠራል። ቃሉ ግን በመጠኑ ያሳስታል፤ እብጠት ሲባል መግል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ይታሰባል። እዚህ ያለው ግን ግድግዳው አቅም አጥቶ መለጠጡ ነው፤ ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በሳሳበት በኩል ብቻ እንደሚወጠረው ዓይነት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መለጠጥ ማለቱን መርጠናል።

የተለጠጠው ክፍል አንዳንዴ በአንድ ጎን እንደ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ አንዳንዴም ዙሪያውን ሰፍቶ በእንዝርት ላይ የተጠቀለለ ልቃቂት ይመስላል። በልዩ ልዩ ምክንያት የልብ ቧንቧ ምርመራ ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል ከመቶ ከአንድ ካነሱት እስከ አምስት በሚደርሱት ላይ እንደሚገኝ የተለያዩ ሪፖርቶች ያመለክታሉ። በጣም ግዙፍ የሆነው ግን ብርቅ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የጣሊያኑ የአካል ጥናት ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኒ በ1761 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራቸው ስለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ጽፈዋል። በሕይወት ባለ ሰው ላይ በግልጽ ማየት የተቻለው ግን ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የራጅ ሥዕል የሚያጎላ ፈሳሽ ወደ ልብ ቧንቧዎች መርጨት ሲጀመር ነው።

ጉዳቱ ከምን ይመጣል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው የሳሳው ግድግዳ ይፈነዳል ብሎ ነው። መፈንዳት አለ፤ ሲደርስም ደሙ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ስለሚያንቀው በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ነገር ግን የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው። የሚበዛው አደጋ የደም መርጋት ነው።

መስኖ የሚጠቀም ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቦይ በጠበበበት ቦታ ውኃው ይፈጥናል። ግራና ቀኙ ተንዶ እንደ ኩሬ በሰፋበት ቦታ ግን ውኃው ይዝላል፣ ይሽከረከራል፣ ደለሉን እዚያው ያስቀምጣል። በተለጠጠ የልብ ቧንቧ ውስጥም ደሙ ፍጥነቱን ያጣል፤ ከዚህም ሌላ የቧንቧው የውስጥ ልባስ ቀድሞ ስለተጎዳ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሥራ በአግባቡ አይሠራም። የረጋው ደም እዚያው ቧንቧውን ይዘጋዋል፤ አለዚያም ቁራጩ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርድና ጠባቡን ቅርንጫፍ ይደፍነዋል። ከዚያ በታች ያለው የልብ ጡንቻ ኦክስጅን ሲያጣ ይሞታል። የልብ ድካምና ድንገተኛ ሞት የሚከተሉት ከዚህ ነው። በጊዜ ብዛት ደግሞ የተለጠጠው ክፍል መግቢያና መውጫው ላይ ጠባሳ እየሠራ ይጠባል፤ ሰፊ ኩሬ በሁለት ጠባብ በሮች መካከል ይቀራል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአንድ ዓይነት ግፊት ውስጥ ሰፊው ቧንቧ ከጠባቡ ይልቅ ግድግዳው ይበልጥ ይወጠራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መለጠጥ የጀመረ ክፍል ለተጨማሪ መለጠጥ የተጋለጠ ይሆናል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግፊቱን እንዲቆጣጠር አጥብቆ የሚነገረውም ለዚህ ጭምር ነው።

በአዋቂዎች ዘንድ ዋናው ምክንያት ቧንቧን የሚያጠበውና የሚያደነድነው የቅባት ክምችት ራሱ ነው። ይኸው በሽታ የግድግዳውን መካከለኛ ሽፋን በልቶ ሲያሳሳው ቧንቧው በመጥበብ ፋንታ ይለጠጣል። ሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ከፍ ያለ ኮሌስትሮል የሚያመጡት መዘዝ ነው። ከዚህ ሌላ በተፈጥሮ አብሮ የሚወለድ ድክመት፣ የደም ቧንቧ ግድግዳን የሚያቆጡ የሰውነት መከላከያ መዛባቶች፣ በደም የሚዛመት የባክቴሪያ ኢንፌክሽን፣ የደረት ግጭት፣ አልፎ አልፎም ቧንቧን ለመክፈት የገባ ፊኛ ወይም ስቴንት ያደረሰው ጉዳት ምክንያት ይሆናሉ። በሕፃናት ላይ ግን በዓለም ዙሪያ የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው አንድ በሽታ ነው፤ ካዋሳኪ።

የጃፓኑ ሐኪምና አምስት ቀን ያለፈው ትኩሳት

በጥር ወር 1961 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የቀይ መስቀል ሆስፒታል የሚሠሩት የሕፃናት ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ገጠማቸው። ልጁ ለቀናት የማይበርድ ትኩሳት፣ ቀይ ዓይን፣ የተሰነጣጠቀ ከንፈር፣ ሽፍታና ያበጠ የአንገት ንፍፊት ነበረበት፤ የሚያውቁት በሽታ ሁሉ አልገጥም አላቸው። ልጁ ድኖ ሄደ። ካዋሳኪ ግን ተመሳሳይ ሕፃናትን መመዝገባቸውን ቀጠሉ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የ50 ሕፃናትን ታሪክ በጃፓንኛ አሳተሙ። በመጀመሪያ በሽታው በራሱ የሚለቅ፣ ጠባሳ የማይተው ተደርጎ ታስቦ ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. በመላ ጃፓን በተደረገው ዳሰሳ ግን ከትኩሳቱ ድነዋል ከተባሉ በኋላ በድንገት የሞቱ ሕፃናት ተገኙ፤ አስከሬናቸው ሲመረመር የልብ ቧንቧቸው ተለጥጦ በረጋ ደም ተደፍኖ ነበር። ካዋሳኪ በ2020 እ.ኤ.አ. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የበሽታው መነሻ ምን እንደሆነ አልታወቀም፤ ዛሬም አልታወቀም።

በሽታው በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ ይገኛል፤ በጃፓን ግን ከሁሉም ይበዛል። በአብዛኛው የሚይዘው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሲሆን ወንዶች ልጆች ይበዙበታል። ሐኪም የሚጠረጥረው ትኩሳቱ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ሲቆይና ከሚከተሉት ምልክቶች አራቱ ሲታዩ ነው፦ ዓይነ ምድር የሌለው የሁለቱም ዓይኖች መቅላት፤ የከንፈር መቅላትና መሰነጣጠቅ ወይም የምላስ እንደ እንጆሪ መቅላት፤ በገላ ላይ የሚወጣ ሽፍታ፤ የእጅና የእግር መቅላትና ማበጥ፤ በአንገት አንድ ወገን የሚያብጥ ንፍፊት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የጣቶች ጫፍ ቆዳ ይላጣል። ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ላይታዩ ይችላሉ፤ ሽፍታው ጠፍቶ እጁ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ እናት «ትናንት ዓይኑ ቀልቶ ነበር» ብላ የምትናገረው ነገር ለሐኪሙ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ልማድ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ትኩሳት ያለበት ልጅ ከንፈሩ ሲቆስል በብዙ ቤት «ምች መታው» ይባልና ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ገላውም ይቀባል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ቀላል ስለሚሆን ልጁ በሁለት በሦስት ቀን ይነሣል። የካዋሳኪ ትኩሳትም ቢሆን ሳይታከም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ተንኮሉም ይኸው ነው። ልጁ ተሽሎት መጫወት ሲጀምር በልቡ ላይ ያሉት ቧንቧዎች መለጠጥ የሚጀምሩበት ጊዜ ይሆናል። ዳማከሴውን የሚነቅፍ የለም፤ አምስተኛው ቀን ላይ ግን ልጁ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ይህን መሰል ትኩሳት በእኛ አገር ከኩፍኝ፣ ከጉሮሮ ኢንፌክሽን፣ ከታይፎይድና ከወባ ጋር ስለሚመሳሰል ጤና ባለሙያውም ቢሆን መጀመሪያ እነዚህን መመርመሩ ትክክል ነው።

የጊዜው ነገር የሚያሳስበው ለዚህ ነው። ያልታከሙ ሕፃናት ከአራቱ አንዱ ያህል የልብ ቧንቧው ይለጠጣል። ትኩሳቱ በጀመረ በአሥር ቀን ውስጥ ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጠ ግን ቁጥሩ ከመቶ ወደ አራትና አምስት ይወርዳል። ይህ መድኃኒት ከብዙ ሺህ ደም ለጋሾች ከሚሰበሰብ የደም ፈሳሽ የሚጣራ ሲሆን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 2 ግራም ተሰልቶ በ10 እና በ12 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ በአገራችንም እንደ ልብ አይገኝም። ከእርሱ ጋር አስፕሪን ይሰጣል። ወላጆች ግን ይህን አይተው ትኩሳት ላለበት ልጅ በቤታቸው አስፕሪን እንዳይሰጡ፤ በአንዳንድ የቫይረስ ሕመሞች ጊዜ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ አደገኛ መዘዝ ያመጣል። ኢሚውኖግሎቡሊን የወሰደ ልጅ የኩፍኝ ክትባቱ በተለምዶ ለ11 ወራት ይዘገያል፤ መድኃኒቱ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው።

ቧንቧቸው ከተለጠጠባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ስፋቱ ወደ መደበኛው ይመለስላቸዋል። 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የደረሰው ግዙፍ መለጠጥ ግን ወደ መደበኛው የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚያሳስባቸው በዋናነት እነዚህ ናቸው።

እንዴት ይታወቃል?

ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በአጋጣሚ ነው። አዋቂው ደረቱን ሲጨንቀው ወይም ሲራመድ ሲያፍነው ለሌላ ነገር ሲመረመር ይገኛል። ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት የሚኖርም አለ። በሕፃናት ላይ የልብ አልትራሳውንድ (በተለምዶ ኢኮ የሚባለው) የቧንቧዎቹን መነሻ በደንብ ያሳያል፤ የማያም፣ ጨረር የሌለው ምርመራ ነው። ካዋሳኪ በተጠረጠረ ልጅ ላይ መጀመሪያ ሲታወቅ፣ ከዚያም ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በመጨረሻም ከአራት እስከ ስድስት ባለው ሳምንት ይደገማል። የመጀመሪያው ኢኮ ንጹሕ መሆኑ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። በአዋቂዎች ደግሞ ሲቲ ስካንና አንጂዮግራፊ ያስፈልጋሉ። አንጂዮግራፊ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ አስገብቶ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ መርጨት ነው።

ማን ይቀደዳል፣ ማንስ በመድኃኒት ይቆያል?

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው። ችግሩ በጥቂቶች ላይ ስለሚታይ ሐኪሞች የሚመሩት ሕሙማንን በብዛት ባነጻጸረ ጥናት ሳይሆን በየሆስፒታሉ በተሰበሰበ ልምድ ነው። አንዱ ቀዶ ሐኪም የሚመርጠውን ሌላው ላይመርጠው ይችላል። ታማሚው ሁለተኛ ሐኪም ልጠይቅ ቢል ነውር የለበትም።

በጥቅሉ ግን ትንሽ የሆነና ምልክት የማያሳይ መለጠጥ አይነካም። አስፕሪን ይሰጣል፤ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ይስተካከላሉ፤ በየጊዜው ይለካል። ግዙፍ ከሆነ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ጠንከር ያለ መድኃኒት፣ በተለይ ዋርፋሪን፣ ይጨመራል። መካከለኛ የሆነና ቅርጹ የሚመች ሲሆን ያለ ቀዶ፣ በአንጂዮግራፊ ቱቦ በኩል ጨርቅ መሰል ሽፋን ያለው ስቴንት ማስገባት ይቻላል፤ ስቴንቱ ከውስጥ አዲስ ቧንቧ ይሆንና ልጥጡን ከደም ፍሰቱ ይለየዋል። ቅርንጫፍ ከልጥጡ የሚነሣ ከሆነ ግን ሽፋኑ ቅርንጫፉንም ስለሚዘጋው አይመረጥም።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ልጥጡ በጣም ግዙፍ ሲሆን፣ በተከታታይ መለኪያ እያደገ ሲሄድ፣ በዋናው የግራ ቧንቧ ወይም በመከፋፈያው ላይ ሲገኝ፣ መግቢያው ወይም መውጫው ጠብቦ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጣ፣ አጠገቡ ያለውን የልብ ክፍል ሲጫን፣ ወደ ሌላ የልብ ክፍል ቀዳዳ ሲያበጅ ወይም ኢንፌክሽን ሲገባበት ነው። ሊፈነዳ የደረሰ ወይም የፈነዳ ከሆነ ምርጫ የለም።

በቀዶ ክፍሉ ውስጥ

የዛሬው ቀዶ ሕክምና በሁለት ሰዎች ሥራ ላይ ቆሟል ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። አንደኛው አሜሪካዊው ጆን ጊበን ናቸው፤ ለረጅም ዓመታት የደከሙበት የልብና የሳንባ ማሽን በግንቦት 1953 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያ የታማሚን ልብና ሳንባ ተክቶ ሠራ። ሁለተኛው አርጀንቲናዊው ሬኔ ፋቫሎሮ ናቸው። ፋቫሎሮ በላ ፓምፓ ሜዳ ሐሲንቶ አራውስ በምትባል የገጠር መንደር ለ12 ዓመት የገበሬዎች ሐኪም ሆነው ኖረዋል፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ክሊቭላንድ ሄደው የልብ ቀዶ ሕክምና ተማሩ። በ1967 እ.ኤ.አ. ከእግር የወጣን ደም መልስ ቧንቧ በመጀመሪያ በተዘጋው ክፍል ቦታ በመተካት፣ በኋላም ከአኦርታ አንሥተው ከመዘጊያው በታች በማገናኘት ደሙን በሌላ መንገድ አሳለፉት። ባይፓስ የሚባለው ይኸው ነው። ከገጠር ክሊኒክ ተነሥቶ የዓለምን የልብ ሕክምና የቀየረ ሰው በመሆናቸው ታሪካቸው በእኛ አገር ከዚህ በላይ ሊነገርላቸው የሚገባ ይመስለናል።

ቀዶው የሚጀምረው ታማሚውን ሙሉ በሙሉ በማደንዘዝ ነው። የደረት መካከለኛው አጥንት በቁመቱ ይሰነጠቃል። ደም በማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ደሙ በቱቦ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፤ ማሽኑ ኦክስጅን ጨምሮበት ወደ አኦርታ ይመልሰዋል። ከዚያ አኦርታ ይቆነጠጥና ፖታሲየም ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወደ ልብ ቧንቧዎች ይላካል፤ ልብ ይቆማል። የቆመና የቀዘቀዘ ልብ ጥቂት ኦክስጅን ስለሚበቃው ቀዶ ሐኪሙ ጊዜ ያገኛል። ጊዜው ግን የተወሰነ ነው፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል።

ልጥጡ ራሱ ምን ይደረጋል? መንገዱ ብዙ ነው። በጣም የተለመደው መግቢያውንና መውጫውን በስፌት አስሮ ከደም ፍሰቱ ማውጣት፣ ከዚያም ከታች ላለው ጤነኛ ቧንቧ በባይፓስ አዲስ መንገድ መስጠት ነው። ለምን ባይፓሱ ብቻ አይበቃም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ልጥጡ ክፍት ከተተወ ደሙ በሁለቱም መንገድ ይሄዳል፤ አዲሱ መንገድ በቂ ፍሰት ሲያጣ ሊዘጋ ይችላል፤ በልጥጡ ውስጥ የሚረጋው ደምም ወደ ታች መውረዱን አይተውም። ገበሬ አዲስ ቦይ ሲቀድድ አሮጌውን በር በሣርና በጭቃ የሚደፍነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግዙፍ ከሆነ ከረጢቱ ይከፈታል፤ በውስጡ የተከማቸው የረጋ ደም ይጸዳል፤ የደም መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹ ከውስጥ ይሰፋሉ፤ ትርፍ ግድግዳው ይቆረጣል ወይም ተጣጥፎ ይሰፋል። ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣትም አለ፤ ሁለቱ ጫፎች ከተቀራረቡ እርስ በርስ ይገጠማሉ፣ ከተራራቁ ደግሞ በመካከላቸው ከእግር የወጣ ቁራጭ ደም መልስ ይገባል። ይህኛው ንጹሕ ሥራ ይመስላል፤ ይሁንና ከልጥጡ የሚነሡ ትናንሽ ቅርንጫፎች አብረው ስለሚጠፉ ሁልጊዜ አይመረጥም። ትንሽና በአንድ ጎን የተንጠለጠለ ከረጢት ሲሆን ትርፉን ቀርጾ ቧንቧውን ወደ ቀድሞ ስፋቱ መስፋት ብቻ የሚበቃበት ጊዜም አለ። ስፌቱ የሚሠራው ከሰው ፀጉር በማይወፍር ክር ነው፤ ሐኪሙ አጉሊ መነጽር ያደርጋል።

ሲያበቃ አኦርታ ይለቀቃል፤ ሞቃቱ ደም ሲገባ ልብ ብዙውን ጊዜ በራሱ መምታት ይጀምራል፤ እምቢ ካለ በትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀሰቀሳል። የደረት አጥንቱ በብረት ሽቦ ይታሰራል። ሽቦው በዚያው ይኖራል፤ አይወጣም።

ስለ ሕፃናቱ የተለየ ነገር አለ። ለልጅ የተሠራ ባይፓስ ከልጁ ጋር ማደግ አለበት። ጃፓናዊው ቀዶ ሐኪም ሶይቺሮ ኪታሙራና ባልደረቦቻቸው በካዋሳኪ ለተጎዳ ልጅ የሠሩትን የመጀመሪያውን ባይፓስ በ1976 እ.ኤ.አ. ለሕክምናው ዓለም አሳወቁ፤ ያኔ የተጠቀሙት የእግር ደም መልስ ነበር። በኋላ ከደረት ግድግዳ ውስጥ የሚወጣውን ደም ቅዳ መጠቀም ጀመሩ። ይህ ቧንቧ ከልጁ ጋር በርዝመትም በስፋትም ያድጋል። ከ20 ዓመት በኋላ ሲመረመር ከመቶ 87 የሚሆነው የደረት ደም ቅዳ ክፍት ሆኖ ሲገኝ፣ ከእግር ከተወሰደው ክፍት የቀረው 44 ብቻ ነበር። ከታከሙት ሕፃናት ከመቶ 95ቱ 25 ዓመት በሕይወት ቆይተዋል። በእነዚህ ሕፃናት ላይ ቀዶው የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ቧንቧው ጠብቦ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጣ እንጂ ቧንቧው ስለተለጠጠ ብቻ አይደለም።

ከሆስፒታል በኋላ

የተሰነጠቀው የደረት አጥንት ለመግጠም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ማረስ፣ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ፣ እንስራ ወይም ጀሪካን መሸከም፣ በቅሎ ወይም ብስክሌት መጋለብ አይቻልም፤ ከአምስት ኪሎ ግራም በላይ ማንሣትም አይመከርም። ይህ ለከተማ ጸሐፊ ቀላል ትእዛዝ ነው። የሚያርስለት ለሌለው ገበሬ ግን የአንድ ክረምት ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ አስቸኳይ ካልሆነ ቀዶውን ከእርሻ ወቅት ጋር አገናዝቦ ቀጠሮ መያዝን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። በእግር መራመድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታዘዛል። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም አጥንቱ ሲተነፍሱ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ቀጠሮን መጠበቅ የለም።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በየጊዜው የደሙ የመርጋት መጠን በላቦራቶሪ ይለካል፤ ብዙውን ጊዜ አይኤንአር የሚባለው ቁጥር ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎች የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። ጎመን ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ነው የሚፈለገው። በሁዳዴ ጾም ጎመን በየቀኑ የሚበላ፣ ፋሲካ ሲገባ የሚተወው ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት። የባህል መድኃኒት ከዋርፋሪን ጋር መቀላቀልም እንደዚሁ አደገኛ ነው። ዋርፋሪን ጽንስን ስለሚጎዳ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቀድማ መማከር ይኖርባታል።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የልብ ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁት ሕሙማን አብዛኞቹ የሚሠቃዩት በሌላ ነገር ነው፤ አንድም አብሯቸው በተወለደ የልብ ክፍተት፣ አንድም በጊዜው ሳይታከም በቀረ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ምክንያት በሚመጣ የልብ በር ጉዳት። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ሥራው በዋናነት ይኸው ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። የልብ ቧንቧ መለጠጥ ከዚህ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ትንሽ ቦታ የያዘ ችግር ነው። ይሁንና ትንሽ የሚመስለው በከፊል ስለማይፈለግ ሊሆን ይችላል፤ ካልታየ አይቆጠርም።

ከገጠር የሚነሣ ቤተሰብ መንገዱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ነው። የማኅበረሰብ ዐቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ሳይዝ ከወጣ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ልጁ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ የታዩትን ምልክቶችና የተሰጡትን መድኃኒቶች በወረቀት ጽፎ መያዝ በየደረጃው ያለውን ሐኪም ሥራ ያቀልላል።

በሦስት ዓመቱ የታከመ ልጅ በ25 ዓመቱ ማሳ ላይ ደረቱን ጨብጦ ሊቀመጥ ይችላል። ያኔ የሚያየው ሐኪም የወጣትን የደረት ሕመም እንደ ጨጓራ ቆጥሮ እንዳይሸኘው የሚያደርገው በልጅነቱ በኢኮ የተለካው ስፋት የተጻፈበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እርጥበት በማይደርስበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ልጁም አድጎ ከቤት ሲወጣ ይዞት ይሂድ።